መብራትና ሕግ፦ ደንበኛው ባለ መብት እንጂ ለማኝ አይደለም



ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ የምታነቡት ማታ፣ ከሥራ መልስ ነው። መብራት ካለ በመብራት፣ ከሌለም በሻማ ወይም በሞባይላችሁ ባትሪ ታነቡታላችሁ። በምርጫ ሰሞን ስለ ታላላቅ ግድቦች የሚነግሯችሁ አታጡም። እኛ ግን የመጣነው ስለ ቆጣሪያችሁ ልንነጋገር ነው። ግድብ የሀገር ኩራት ነው፤ ቆጣሪ ግን መንግሥትና ዜጋ በየወሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው። መንግሥት ዜጋውን ምን ያህል እንደሚያከብር ማወቅ የፈለገ ሰው ቆጣሪው ጋ ይጀምር።

ፓርቲያችን የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ ችግር የውሃ፣ የተርባይን ወይም የገንዘብ ችግር ብቻ አይደለም። ከሁሉ በፊት የሕግ ችግር ነው። በሻጩና በገዢው መካከል የቆመ ገለልተኛ ዳኛ የለም። ይህን አባባላችንን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እናስረዳለን።

1. የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው

እንደሚታወቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3ኛ 1,870 ሜጋ ዋት ነበረ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ተከዜ፣ ጣና በለስና ግልገል ጊቤ 2ኛ አሉ።

በዚህ ሥራ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም። እኛም እንኮራለን። ግድቡ የማንም ገዢ ፓርቲ ንብረት አይደለም። መምህሩና ነርሷ ከደመወዛቸው ከፍለውበታል፤ የሊስትሮ ልጅ ሳይቀር ቦንድ ገዝቶበታል፤ በውጭ የሚኖረው ወገናችንም አዋጥቶበታል። ስለዚህ የመብራት ደንበኛው እንደ ማንኛውም ገዢ ዕቃ ሊሸምት የመጣ እንግዳ አይደለም። ሲገነባ ያዋጣ ባለድርሻ ነው።

ታዲያ ይህ ባለድርሻ ዛሬ ምን አገኘ? በከተማ የሚኖር ሰው ማታ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መብራት አለ?» ብሎ ነው። ሕፃናት ከ«እማማ» ቀጥለው የሚማሩት ቃል «ሄደ» እና «መጣ» ሆኗል። ኃይል በሜጋ ዋት ይመነጫል፤ ኃይሉን ወደ ጓዳ የሚያደርሰው ግን በየሰፈሩ ያለው ያረጀ ሽቦ፣ የዘመመ ምሰሶና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ትራንስፎርመር ነው። ሪባን የሚቆረጠው ግድቡ ላይ ስለሆነ ገንዘቡም ትኩረቱም ወደዚያው ሄደ። ለሰፈር ትራንስፎርመር ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ መብራት ለሁሉም ዜጋ ይደርሳል ብሎ ነበር። ዓመቱ መጥቶ አለፈ። ይህን ቃል የገባው አካል ለምን እንዳልፈጸመ ቀርቦ ያስረዳበት መድረክ የለም። ቃል ሲገባ በጭብጨባ፣ ቃል ሲታጠፍ በዝምታ የሚታለፍበት ሥርዓት ነው ያለን።

2. ስም ይለወጣል፣ ሥርዓቱ ያው ነው

የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ የሚያመነጭና የሚያስተላልፍ፣ ሌላው የሚያከፋፍልና ለደንበኛው የሚሸጥ ሆነ። ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» ይለዋል። ሕዝቡ ተሳስቶ አይደለም። ስሙ ቢለወጥም ወረፋው አንድ መሆኑን አይቶ ነው።

ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። በአዋጅ ቁጥር 86/1989 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ተቋቋመ። በአዋጅ ቁጥር 810/2006 በኢነርጂ ባለሥልጣን ተተካ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነዳጅንና ኢነርጂን አንድ ላይ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን እንዲሆን ተደረገ።

እዚህ ላይ መራጩ አንድ ነጥብ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። የ2006ቱ አዋጅ ከብሔራዊ መረብ ውጪ ያለውን አነስተኛ አቅራቢ ታሪፍ ባለሥልጣኑ ራሱ እንዲያጸድቅ ሥልጣን ሰጠው። ብሔራዊውን መረብ፣ ማለትም የከተማው ሕዝብ በሙሉ የሚጠቀምበትን ግን ባለሥልጣኑ መርምሮ ሐሳቡን ለመንግሥት ያቀርባል እንጂ አይወስንም። ወሳኙ መንግሥት ነው። ትንሹን ሻጭ የሚዳኝ ዳኛ ተሾመ፤ ትልቁ ሻጭ ፊት ሲደርስ ግን ዳኛው ጸሐፊ ሆነ።

እንግዲህ ሁኔታውን አስቡት። የድርጅቱ ባለቤት መንግሥት ነው። ሥራ አመራሩን የሚሾመው መንግሥት ነው። ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው። የሚቆጣጠረውን ባለሥልጣን የሚሾመውና በጀቱን የሚሰጠውም መንግሥት ነው። በየትኛውም የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚያውቀው መርሕ አለ፤ ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ አይሆንም። በመብራት ጉዳይ ግን ባለቤቱም፣ ሻጩም፣ ዳኛውም አንድ ነው። ለገዢው የቀረለት ወንበር የለም።

ይህን ስንል በየቢሮው ለሚሠሩት ሠራተኞች ጥላቻ ኖሮን አይደለም። በሌሊት ዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚቀጥለው የጥገና ሠራተኛ ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ እንደሚሠራ እናውቃለን። ክሳችን በሥርዓቱ ላይ ነው።

3. ዋጋው እንዴት ይወሰናል?

ከ1998 ዓ.ም. እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል፣ የመብራት ታሪፍ አልተነካም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቸርነት ቆጥሮታል። እኛ ግን እውነቱን እንናገራለን፤ ቸርነት አልነበረም። ሁሉም ነገር በተወደደበት ዘመን የመብራት ዋጋ ባለበት ሲቆም ጥገናው ቀረ፣ መለዋወጫው ቀረ፣ ዕዳው ተከመረ። ዋጋው የቆመው ተሰልቶ ሳይሆን ሕዝቡን ላለማስቆጣት ነበር።

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. በአራት ዓመት የሚጠናቀቅ ጭማሪ መጣ። በዚያ ማስተካከያ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ የሚጠቀም ቤተሰብ በኪሎ ዋት ሰዓት 0.2730 ብር እየከፈለ እንዲቆይ ተደረገ። ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀመው ደግሞ በመጨረሻው ዓመት 2.4810 ብር ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ዋለ። በአዲሱ የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1341/2016 መሠረት ደግሞ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ላይ 15 በመቶ ታክስ መጣ።

ልብ በሉ፤ እኛ «ጭማሪ ፈጽሞ አያስፈልግም» አላልንም። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ጭማሪው ሲወሰን የትኛው ሒሳብ በሕዝብ ፊት ተዘርግቶ ታየ? ከሚመነጨው ኃይል ስንቱ በመንገድ ባክኖ ይቀራል? የባከነውን የሚከፍለው ማን ነው? ከዕዳው ስንቱ የዘገየ ግንባታ ያመጣው ነው? ደንበኛው እንዲከፍል የተጠየቀው ለተጠቀመበት መብራት ነው ወይስ ሌሎች ላባከኑት ገንዘብ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሊሆን የሚችል ሰነድ የቤት እመቤቷም ሆነች ባለወፍጮው እጅ አልገባም። ለሕዝቡ የደረሰው መግለጫ ነው። መግለጫ ደግሞ አይጠየቅም፣ አይሟገትም፣ ይግባኝም አይባልበትም።

አሥራ ሁለት ዓመት ዋጋን ማቆምና ከዚያ በየሦስት ወሩ መጨመር ተቃራኒ ይመስላሉ። በእኛ እምነት ግን አንድ በሽታ ናቸው። በሁለቱም ጊዜ ዋጋውን የወሰነው ሕግና ሒሳብ ሳይሆን የባለሥልጣን ውሳኔ ነው። ባለሥልጣን ሲፈራ ያቆመዋል፣ ሲቸገር ይሰቅለዋል።

4. አንድ ቆጣሪ፣ አምስት ጓዳ

ለድሃው የተደረገ ድጎማ አለ ይባላል። በወረቀት ላይ አለ። በከተማው ጓዳ ውስጥ ግን ምን እንደሚሆን እንመልከት።

በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራይ ቤተሰብ አለ እንበል። ቆጣሪው ግን አንድ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሁለት አምፖል፣ አንድ ቴሌቪዥንና የሻይ ማፍያ ተጠቅሞ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው በ2011ዱ ታሪፍ ዝቅተኛው እርከን ላይ ሆኖ 13 ብር ከ65 ሳንቲም ብቻ በከፈለ ነበር። ቆጣሪው አንድ ስለሆነ ግን የአምስቱ ተደምሮ 250 ኪሎ ዋት ሰዓት ያነባል። በዚያው ማስተካከያ የመጨረሻ ዓመት ከ200 እስከ 300 ያለው እርከን በኪሎ ዋት ሰዓት 2 ብር ነበር፤ ከዝቅተኛው ሰባት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አዲሱ ታክስ ከመጣ በኋላ ደግሞ ይኸው ግቢ ከ200 በላይ ስለሚያነብ ታክስ ከሚከፍሉት ጋር ተቆጠረ።

አምስቱም ድሆች ናቸው፤ ቆጣሪው ግን ሀብታም ነው አለ። በሌላ በኩል በአንድ ሰፊ ግቢ ብቻውን የሚኖርና አብዛኛውን ጊዜ ከሀገር ውጭ የሚያሳልፍ ባለጸጋ ቆጣሪው ጥቂት ስለሚያነብ የድሃውን ድጎማ ያገኛል። ይህን ያደረገው ክፋት ነው አንልም። ሕጉን የጻፈው ሰው የተከራይ ግቢ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ ነው እንላለን።

ታዲያ ተከራዩ ለምን ለብቻው ቆጣሪ አያስገባም? ቆጣሪ የሚጠየቀው በባለይዞታ ስም ነው። አከራዩ ካልፈቀደ አይሆንም። ቢፈቅድም «ቆጣሪ የለም» ይባላል። ቆጣሪ ሲመጣ «ሽቦ የለም»፣ ሽቦ ሲመጣ «ትራንስፎርመሩ አይችልም» ይባላል። በስንት ቀን መግባት እንዳለበት ለአመልካቹ በጽሑፍ የሚሰጠው፣ ቀኑ ካለፈም የሚያስጠይቅ ወረቀት የለም። ቀነ ገደብ የሌለው አገልግሎት ባለበት ሁሉ ደግሞ ጉቦ መንገድ ያገኛል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አስተሳሰብ የሚለመልመው ሕግ ዝም ባለበት ቦታ ነው።

5. «ማመልከቻዎን ለማን አስገቡ?»

አንዲት እንጀራ ጋግረው ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው ነበር። ስማቸውንም፣ ሰፈራቸውንም፣ የሄዱበትን ቢሮም እዚህ አንጠራም፤ ምክንያቱም ታሪኩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በበዓል ዋዜማ ለሁለት ምግብ ቤቶች ትእዛዝ ተቀብለው ሊጥ አቡክተዋል። መብራት ሄደ። አንድ ቀን ጠበቁ። በሁለተኛው ቀን ሊጡ ኮምጥጦ ተደፋ። ጤፉ በዱቤ የመጣ ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ካሳ አልጠየቅሁም» አሉን። «መቼ እንደሚመጣ ብቻ ንገሩኝ ነው ያልኳቸው። ብትነግሩኝ ሊጡን አላቦካም ነበር።»

እኛም እንደ ሕግ ሰዎች «እማማ፣ ማመልከቻዎን በጽሑፍ ለማን አስገቡ?» ብለን ጠየቅን።

«ለማን ነው የሚገባው?» ብለው መለሱልን።

የተከበራችሁ መራጮች፣ በዚያች ሰዓት መልስ አጣን። ለሻጩ ቢያመለክቱ የሚከሱት እሱን ነው። ለተቆጣጣሪው እንዳይሉ በሰፈራቸው በር የለውም። ለፍርድ ቤት እንዳይሉ የሊጡ ዋጋ የጠበቃውን አበል አይሸፍንም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል የማቅረብና ውሳኔ የማግኘት መብት አለው። ለእኚህ እናት ግን መብቱ ከወረቀት ወርዶ ሰፈራቸው አልደረሰም።

ደግሞም ሕግ በሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የዘረጋ ሰው በዚህ ምክንያት ለደረሰ ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ደንግጓል። ከስድሳ ዓመት በፊት የነበሩ ሕግ አውጪዎች መብራት የሚሸጥ ሰው ኃላፊነት እንዳለበት ያውቁ ነበር። የጎደለው ይህ መርሕ ወርዶ የተቃጠለውን ማቀዝቀዣ፣ የተደፋውን ሊጥ፣ ቀኑን ሙሉ የቆመውን ብየዳ ቤትና ወፍጮ ቤት የሚዳኝ ቀላል፣ ፈጣንና ወጪ የማያስወጣ አሠራር ነው።

መብራት ሲጠፋም ወጪው አይጠፋም። ወደ ከሰልና ወደ ሲሊንደር ጋዝ ይዞራል። የሲሊንደሩ ክብደት በትክክል ስለመሞላቱ ገዢው ፊት የሚመዘንበት ግዴታ በየሱቁ ሲፈጸም አይታይም፤ ዋጋውም በነጋዴው አፍ ነው። ስለዚህ ከመብራት የሸሸው ደንበኛ በጋዝም ያለ ዳኛ ነው።

6. ለውጭ ገዢ ውል፣ ለሀገር ልጅ ዝምታ

ኢትዮጵያ ለጅቡቲና ለሱዳን ኃይል ስትሸጥ ቆይታለች። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለኬንያ በ25 ዓመት ውል እየሸጠች ነው። በዶላር ለሚከፍሉ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎችም ኃይል በውል ተሽጧል። የውጭ ምንዛሪ ለሀገር ያስፈልጋል፤ ሽያጩን አንቃወምም። የምንለው ይህን ነው፦ እነዚህ ገዢዎች ሁሉ የሚቀርብላቸው መጠን፣ ዋጋውና የማይቀርብ ከሆነ የሚከተለው ውጤት በውል የተጻፈላቸው ናቸው። የመርካቶው ልብስ ሰፊ፣ የአዳማው ፀጉር አስተካካይ፣ የጎንደሩ ጋራዥ፣ የሐዋሳው ዳቦ ቤት፣ የድሬዳዋው ባለወፍጮ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ግን የእነሱን ግዴታ እንጂ የሻጩን ግዴታ አይዘረዝርም። ደንበኛው ቢያሳልፍ ይቆረጥበታል። ሻጩ ቢያሳልፍ «ትዕግሥት» ይባላል።

ከእኛ ኃይል የምትገዛው ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣችው የኢነርጂ ሕግ ለዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንና በውሳኔው ላይ ይግባኝ የሚታይበት ልዩ ፍርድ ሰጪ ጉባኤ አላት፤ ታሪፍ ሲለወጥም ሕዝቡ በስብሰባ ይጠየቃል። ኡጋንዳም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ የኤሌክትሪክ ክርክር የሚያይ ጉባኤ አቋቁማለች። በእነዚህ ሀገሮችም መብራት ይጠፋል፤ ጎረቤቶቻችን ገነት አይደሉም። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ «ለማን ነው የሚገባው?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ መልስ አለው። ውሃው ከእኛ፣ ተርባይኑ ከእኛ፣ የደንበኛ መብት ግን ከድንበር ማዶ መሆኑ ያሳፍራል።

7. የሚነሱብን ተቃውሞዎች

«ድርጅቱ ካሳ መክፈል ከጀመረ ይከስራል» ይሉናል። እኛ የምንለው ካሳ ለእያንዳንዷ ብልጭታ አይደለም። በጎርፍ፣ በመብረቅ ወይም በጦርነት ለደረሰ መቋረጥም አይደለም። ሳይነገር ከተወሰነ ሰዓት በላይ ለቆየ መቋረጥና በድርጅቱ ጉድለት ለተቃጠለ ዕቃ ነው። በዚህ የሚከስር ድርጅት ካለ ዛሬም እየከሰረ ነው፤ ልዩነቱ ኪሳራውን የሚከፍሉት እንጀራ ጋጋሪዋ እናት መሆናቸው ነው። ጉድለት ዋጋ ሲኖረው ጥገና ይጀመራል።

«ተቃዋሚዎች መብራቱን ለባለሀብት ሊሸጡት ነው» የሚሉም አሉ። ሐሰት ነው። ሽቦው በግል እጅ ቢሆን ኖሮ የምንጠይቀው ቁጥጥር ከዚህ የበረታ በሆነ ነበር። ዳኛ ሳይሾሙ ሻጩን መለወጥ ደንበኛውን ከአንድ ጌታ ወደ ሌላ ጌታ ማዛወር ነው። መጀመሪያ ዳኛው ይቁም።

«ሕዝቡ ሒሳብ አይገባውም፤ በታሪፍ ላይ ማወያየት ሁከት ይፈጥራል» የሚለው ደግሞ ስድብ ነው። የዕቁብ ዳኛ ሆና የሠላሳ ሰው ገንዘብ ያለ አንድ ሳንቲም ጉድለት የምታስተዳድር እናት የመብራት ሒሳብ አይገባትም ማለት ነው? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል። ሒሳብ የሚደበቀው ባለቤቱ ሲናቅ ነው።

8. ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

ድምፅ ብትሰጡንና መንግሥት ብንመሠርት የሚከተሉትን በመጀመሪያው ዓመት በሕግ እንደነግጋለን። ጥቂት ወንበር ብቻ ብናገኝም ይህንኑ በረቂቅ ሕግ መልክ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እናቀርባለን፤ ድምፅ የሰጠበትንና የተቃወመውንም ስም ለሕዝብ እናሳውቃለን።

አንደኛ፣ የኢነርጂ ተቆጣጣሪው ተጠሪነት ከአስፈጻሚው ወጥቶ ለምክር ቤቱ ይሆናል። ኃላፊዎቹ ለተወሰነ የሥራ ዘመን ይሾማሉ፤ ያለ በቂ ምክንያትም አይነሱም። የብሔራዊውን መረብ የደንበኛ ታሪፍ የሚወስነው ይኸው አካል ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ታሪፍ ከመለወጡ በፊት ሻጩ ሒሳቡን፣ የብክነቱን መጠንና የኢንቨስትመንት ዕቅዱን በሚገባ ቋንቋ ያትማል፤ በየከተማው ግልጽ የሕዝብ ስብሰባ ይደረጋል፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ ይጻፋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መመሪያ ሲወጣ ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት አዟል። ለመመሪያ የተፈቀደ ለኪስ የማይከለከልበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም ደንበኛ የሻጩን ግዴታ የሚዘረዝር የጽሑፍ ውል ይሰጠዋል። የታቀደ መቋረጥ ከቀናት በፊት ይነገራል። ድንገተኛ መቋረጥ ሲኖር ደንበኛው ምክንያቱንና የሚመለስበትን ግምታዊ ሰዓት በአጭር መልእክት ያገኛል። ሒሳብ በሞባይል መክፈል ከተቻለ መረጃ በሞባይል መስጠት አይከብድም።

አራተኛ፣ አዲስ ቆጣሪ ለማስገባት በሕግ የተወሰነ ቀነ ገደብ ይኖራል። ቀኑ ካለፈ ከማስገቢያው ክፍያ ላይ እየተቀነሰ ይሄዳል።

አምስተኛ፣ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ተከራዮች የቤተሰቡ ቁጥር በወረዳው ተረጋግጦ እርከኑም፣ ታክሱም በቤተሰብ ቁጥር ተካፍሎ ይሰላል። አከራይም ከቆጣሪው ካነበበው በላይ ከተከራይ መሰብሰብ አይችልም።

ስድስተኛ፣ በየክፍለ ከተማውና በየከተማው የመብራትና የጋዝ ደንበኞች አቤቱታ ሰሚ ጉባኤ ይቋቋማል። አቤቱታው ያለ ጠበቃ፣ ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ በቃልም ጭምር ይቀርባል። ጉባኤው በአጭር ቀን ይወስናል፤ ሻጩም ይፈጽማል፤ ቅር የተሰኘ ፍርድ ቤት ይሄዳል። «ለማን ነው የሚገባው?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው።

ሰባተኛ፣ የሲሊንደር ጋዝ ሻጭ ሁሉ ሚዛን ያስቀምጣል፤ በገዢው ፊት ይመዝናል፤ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፋል።

9. የማንገባው ቃል

በምርጫ ጊዜ የሚያስደስት ነገር መናገር ቀላል ነው። እኛ ግን በተጻፈ ነገር ነገ እንድትጠይቁን እንፈልጋለን። ስለዚህ ቃል የማንገባውንም እንናገራለን።

መብራት በነፃ ይሆናል አንልም። ታሪፉን በአንድ ሌሊት እንቀንሳለን አንልም። አሥራ ሁለት ዓመት ዋጋ ቆሞ ያመጣውን ጉዳት አይተናል፤ አንደግመውም። ያረጀው ሽቦ በአንድ ዓመት ይታደሳል፣ መብራትም ከእንግዲህ አይጠፋም ብለን አንዋሽም። እንዲህ የሚላችሁ ካለ ቆጣሪያችሁን አይቶ አያውቅም ማለት ነው።

ቃል የምንገባው ይህን ነው፦ ዋጋ ሲጨመር ለምን እንደተጨመረ ታውቃላችሁ፤ ከመጨመሩም በፊት ትጠየቃላችሁ። መብራት ሲጠፋ ለምንና እስከ መቼ እንደሆነ ይነገራችኋል። ስትበደሉ የምትሄዱበት በር ይኖራል፤ በሩ ውስጥም ሻጩን የማይፈራ ዳኛ ይቀመጣል። ይህ ትልቅ ግድብ አይጠይቅም፣ የውጭ ብድርም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሕግ ለማክበር የቆረጠ መንግሥት ነው።

የተከበራችሁ መራጮች፣ በምርጫው ቀን ወደ ጣቢያው ስትሄዱ በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ያለውን ቆጣሪ አንድ ጊዜ ተመልከቱት። በየወሩ እናንተን ይቆጥራል። ገዢዎችን የምትቆጥሩበት ቀን ደግሞ ያ ቀን ነው።

ድምፃችሁን ደንበኛውን እንደ ባለ መብት ለሚያይ ሥርዓት ስጡ!

ለሕግ የበላይነት፣ ለግልጽነትና ለተጠያቂነት!